የምድጃው ጣሪያ

በዚያ ክረምት ናፍጣ ሦስት ጊዜ ጨመረ። ከአምስቱ የብርጭቆ ፋብሪካዎች አራቱ ተዘጉ። ለፋብሪካዎቹ ያበደረው ባንክም ወደቀ። ባንኩን ግን መንግሥት በሳምንቱ አነሣው።

የአምስተኛው ፋብሪካ ባለቤት ይህን የሰማው ከራዲዮ ነው። ዛሬ የቤቱን ሽያጭ ገንዘብ በጥቁር ቦርሳ ይዞ የባንኩ የብድር ኃላፊ ፊት ተቀምጧል። ቤቱ የእናቱ ነበር፤ ለባንክ ያላስያዘው የመጨረሻ ንብረቱ። እስከ አሥር ሰዓት ገቢ ካደረገ የብድሩ መክፈያ ሦስት ወር ይራዘምለታል። አለዚያ ፋብሪካው ነገ ይታሸጋል።

ግድግዳው አዲስ ቀለም ይሸታል። ኃላፊው ውሃ አስመጣለት። ባለፋብሪካው ብርጭቆውን አነሣና ሥሩን በጣቱ ዳበሰው፤ ከመንፊያው ቧንቧ የተላቀቀበት ጠባሳ አለ። የራሱ ፋብሪካ ሥራ ነው።

ዕዳው ይቀነስልኝ ሲል ለመነ። የእናንተን ዕዳ መንግሥት ተሸክሞላችሁ የለም ወይ አለ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብዕሩን አስቀምጦ ትንሽ አሰበ።

«አባቴ፣ ባንክ ሲወድቅ አገር ይዞ ነው የሚወድቀው። እርስዎ ቢወድቁ ብቻዎን ነው።»

«ብቻዬን አይደለም።»

ሦስት ወር ቢገኝ ምድጃው ሦስት ወር ይነድዳል። ናፍጣው ግን ያው ነው። ይህን እያወቀም እጁ የቦርሳውን ዚፕ እስከ ግማሽ ከፍቶ ነበር።

ያን ምድጃ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ጣሪያው ሲደረመስ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ጡብ በጡብ መልሰው አቆሙት። ሁለት ወር ያለ ደመወዝ። ሲቆም ትከፍለናለህ ብለውት ነበር። ቆመ። እሱ ግን ዘንድሮ አሸዋ ልግዛ፣ ከርሞ ቧንቧ ልቀይር እያለ ከረመ። አንድም ቀን አልጠየቁትም። የከበደውም ይኸው አለመጠየቃቸው ነው።

ዚፑን መልሶ ዘጋና ተነሣ። ውሃውን አልጠጣውም።

ፋብሪካው ሲደርስ ሁሉንም ሰብስቦ ዛሬ እናጠፋዋለን አላቸው። የወሩን ደመወዝ ስለወሰዱ የሚጠይቁት አልነበራቸውም። ወጣቶቹ ልብሳቸውን ቀይረው ሄዱ። የቀሩት ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ናቸው፤ ሦስቱ ሞተዋል።

የቀለጠው ብርጭቆ በምድጃው ማቅለጫ ጋን ውስጥ ከረጋ ጋኑን ይሰነጥቀዋል። ነገ ለሚታሸግ ምድጃም ቢሆን እንዲያው መተው አልሆነላቸውም። ማንም ሳያዛቸው የመንፊያ ቧንቧ አነሡ። ዕድሜውን በመንፋት ያሳለፈውና ሁሉም እፍ ባዩ የሚሉት ሽማግሌ ጉንጩን ነፍቶ ጀመረ። በመካከል ላቡን ጠረገና ባለፋብሪካውን ጎሸም አደረገው።

«አንተ፣ በሩ ላይ ባንክ ብለን ብንጽፍበት ያነሡን ይሆን?»

ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም። ጋኑ እስኪጎድል ነፉ፤ የማይሸጥ ብርጭቆ በመደዳ ደረደሩ። በመጨረሻ ባለፋብሪካው የናፍጣውን ቧንቧ በገዛ እጁ ዘጋው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጆሯቸውን ሞልቶት የነበረው ጉርምርምታ ቆመ። በዚያን ጊዜ ሌላ ድምፅ ሰሙና ቀና አሉ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየዘነበ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሚዘንብ ማንም አላወቀም።

ባለፋብሪካው ቦርሳውን ብርጭቆዎቹ አጠገብ አሳርፎ በመንገድ ገዝቶ ገንዘቡን ያካፈለባቸውን አሥራ ሁለት ፖስታዎች አወጣ። ሦስቱን ለሟቾቹ ልጆች ለብቻ አስቀመጠ። የመጀመሪያውን ለእፍ ባዩ ዘረጋለት።

«ምንድን ነው?»

«የጣሪያው። በዛሬ ደመወዝ አስቤዋለሁ።»

ሽማግሌው ፖስታውን አልከፈተውም። ወደ ምድጃው ጣሪያ አየ፤ ጡቡ ገና ቀይ ነው።

«ረስተኸው መስሎኝ ነበር» አለ።

ከዚያ ዝናቡ እንዳያርሰው ፖስታውን ከሸሚዙ ሥር አስገባና ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆለፈ።