በሞዴሉ መሠረት

እትዬ ወረንጦ የአሻንጉሊት ልብስና የቤት ዕቃ መሥራት የጀመሩት የስፌት ፋብሪካው በጡረታ ካሰናበታቸው በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የካፖርት ኮሌታ ብቻ ሲሰፉ ኖረው «አሁን ደግሞ የማይነጫነጭ ሰው ላልብስ» አሉና ለአንዲት የስንዝር አሻንጉሊት ቀሚስ ሰፉ። ቀሚሱ አልጋ ፈለገ፣ አልጋው ትራስ። ከስቴኪኒ ወንበር፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ሳህን፣ ከጥርስ ሳሙና ክዳን የመብራት ጥላ እየሠሩ ቤቱን ሞሉት። ዕቃውን በወረንጦ ይዘው ስለሚያጣብቁ ሰፈሩ ስም አወጣላቸው። ምላሳቸውም እሾህ ነቃይ ነበርና ስሙ ጸደቀ።

አንድ ልጃቸው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነች። እናቷ የሠሩላትን አውራ ጣት የምታህል ወንበር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ ሳለ ወንበሯ የዋና ሥራ አስኪያጁ ዓይን ውስጥ ገባች። በሳምንቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እትዬ ወረንጦ እጅ ደረሰ። መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ ሕንፃ ሊገባ ነውና፣ ለምረቃው የሚታይ ሞዴል ከነሠራተኛው፣ ከነወንበሩ እንዲሠሩ ይጠይቃል።

ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቤታቸው ድረስ መጣ።

«የእኔ ወንበር ከሁሉም ከፍ ይበል፣ እትዬ» አላቸው።

«በምን ያህል?»

«ሰው አይቶ እንዲለይ ያህል።»

«በአንድ ጣት ላድርገዋ።»

ተስማምቶ ሄደ። በማግሥቱ ምክትሉ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ አንድ እጅ ሙዝ አንጠልጥሎ መጣ።

«የእኔ ወንበር ከእሱ በስንት ያንሳል?»

«በአንድ ጣት።»

«በየትኛው ጣት?»

እትዬ ወረንጦ አውራ ጣታቸውን አሳዩት። ምክትሉ ጣቱን ትክ ብሎ አየና «በትንሿ ይሁንልኝ» አለ። እሳቸውም ለአንድ ስቴኪኒ ብለው ከሰው አይጣሉም፤ ከፍ አደረጉለት።

በዚያ መሥሪያ ቤት ግድግዳው ጆሮ ብቻ አልነበረም ያለው፣ ምላስም ነበረው። ሥራ አስኪያጁ ወሬው ደርሶት ተመልሶ መጣና ወንበሩ ከፍ እንዲል አዘዘ። ምክትሉ ሰማ፤ እሱም መጣ። ፉክክሩ ሦስት ሳምንት ፈጀ። መጨረሻ ላይ የሁለቱም አሻንጉሊቶች እግር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እትዬ ወረንጦ ነገሩ ስላልጣማቸው ከክብሪት እንጨት መሰላል ሠርተው አስጠጉላቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«መውጫዎ ነዋ።»

ትንሽ አሰበ። «የምክትሌ መሰላል ስንት ደረጃ አለው?»

«ሁለት። የእርስዎ ሦስት።»

«ጥሩ» አለ።

ለመሰላሎቹ ቦታ ሲፈለግ የጸሐፊዋ ወንበር ትርፍ ሆነ። «እሷ ትቁም» አለ ሥራ አስኪያጁ። «በተጠራች ቁጥር ከምትነሳ፣ ቆማ ብትጠብቅ ይሻላል።» እትዬ ወረንጦ የሚመልሱለት ሞልቷቸው ነበር፤ ግን ልጃቸው እንጀራዋ እዚያ ነው። ዋጥ አደረጉትና የልጃቸውን አሻንጉሊት ፋይል አሳቅፈው በሩ ሥር አቆሟት።

ለምረቃው የመጡት ከፍተኛ እንግዳ ሌላም የሚመርቁት ነበራቸውና ቸኩለዋል። ሞዴሉን በመስታወት ሽፋኑ በኩል ጎንበስ ብለው አዩ። የሥራ አስኪያጁን ባለ ሰደርያ ሙሉ ልብስ፣ ጉንዳን ራሷን የማትሸፍንበትን የደረት መሐረብ አደነቁ።

«ግሩም ነው። ልክ እንደዚህ ነው መሆን ያለበት» ብለው መኪናቸው ገቡ።

ቃለ ጉባዔ ያዡ ይህን ሰምቶ «ሕንፃው በሞዴሉ መሠረት ሙሉ በሙሉ እንዲደራጅ መመሪያ ተሰጥቷል» ብሎ ጻፈ። እንግዳው ለማለት የፈለጉት ይህ ይሁን አይሁን የጠየቀ የለም። ጥያቄ መጠየቅ በሞዴሉ ላይ አልነበረም።

አናጢዎች ገቡ። ወር ሳይሞላ ሥራ አስኪያጁ ሦስት ደረጃ ወጥቶ የሚቀመጥበት ወንበር ቆመለት። ጠረጴዛው ግን ታች ቀርቷል፤ ወረቀት ሊፈርም ሲል ከወንዝ እንደሚጠጣ ሰው ወደፊት ይደፋል። ስልክ ሲጠራ ወርዶ እስኪያነሳው ይዘጋል። በቀን አንዴ ሁለቴ ጭንቅላቱ ከመብራቱ ይጋጫል። ምክትሉም ከፊት ለፊት ክፍል ወገቡን ይዞ ያቃስታል። «እሱ ሳይወርድ እኔ አልወርድም» ይላል አንዱ፤ ያኛውም እንዲሁ።

የጸሐፊዋን ወንበር ሁለት ሰዎች መጥተው ተሸክመው ሄዱ። ማታ ቤት ስትገባ እግሯ አብጦ ጫማው አልወልቅ አላት። እናቷ ለብ ያለ ውኃ አቀረቡላት።

«ማመልከቻ ጻፊ» አሏት።

«ጽፌያለሁ፣ እማዬ። ሞዴሉ እስኪሻሻል ታገሺ አሉኝ።»

«የሚያሻሽለው ማነው?»

«ኮሚቴ።»

«ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰበው?»

«ወንበር ሲያገኝ። የስብሰባው ክፍል ሞዴሉ ላይ ባዶ ስለነበር ወንበሮቹ ወጡ።»

እትዬ ወረንጦ ሳቃቸው መጣ፤ ወዲያው ግን የልጃቸውን ቁርጭምጭሚት አዩና ሳቁን ተዉት። ያንን ክፍል ባዶ የተዉት ሙጫ ስላለቀባቸው ነበር። ልጃቸውንም ያቆሟት በገዛ እጃቸው ነው። እግሯን አሽተው አስተኟትና ወረንጧቸውን አነሱ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ቦርሳቸውን ይዘው መሥሪያ ቤቱ ደረሱ።

«ወዴት ነው፣ እትዬ?» አላቸው ዘበኛው።

«መጋረጃ ላራግፍ።»

«የቱን መጋረጃ?»

«የአሻንጉሊቶቹን።»

ዘበኛው አመነታ። የእሱ ማረፊያ ቤት ሞዴሉ ላይ ስላልነበረ ፈርሶ፣ ከዝናብም ከፀሐይም ጋር ቆሞ የሚውል ሰው ነው። ቁልፉን አውጥቶ መስታወቱን ከፈተላቸውና ጀርባውን ሰጠ። እትዬ ወረንጦ ከቦርሳቸው አረንጓዴ ከፋይ የለበሰች ባለ መደገፊያ ወንበር አወጡ። በወረንጦ ይዘው ሙጫ ቀቡና በሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጧት። የልጃቸውን አሻንጉሊት ጉልበት አጥፈው አስቀመጧት፤ ፋይሉንም ከእቅፏ ወስደው መሬት አኖሩት።

በሦስተኛው ቀን የንብረት ኃላፊው ማስመሪያና ወረቀት ይዞ፣ ሕንፃውን ከሞዴሉ ጋር ለሚያስተያይበት ወርኃዊ ማመሳከሪያ መጣ። ከመስታወቱ ፊት ሲደርስ ደነገጠ። «ወንበር፣ ባለ መደገፊያ፣ አረንጓዴ ከፋይ፣ አንድ» ብሎ መዘገበ። ሰኞ ዕለት ወንበሩ ተገዝቶ መጣ። ኃላፊው ራሱ ገፍቶ አስገባላትና ጸሐፊዋን ተቆጣት።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ቆመሽ መመሪያ ስትጥሺ ነበር ማለት ነው» አላት።

«ይቅርታ» አለችና ተቀመጠች።

ወሬው ውስጥ ውስጡን ሄደ። መጀመሪያ ዘበኛው ቆቡን ይዞ እትዬ ወረንጦ ቤት መጣ፤ ክዳን ያላት ማረፊያ ቤት ፈለገ። ከእሱ ቀጥሎ ለኮሚቴው ስምንት ወንበር የሚጠይቅ ሰው መጣ። የጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ባለመኖሩ ባልዲ ተሸክማ ደረጃ መውጣት ሰልችቷታል።

«ቧንቧ ሠርቼ አላውቅም» አሏት እትዬ ወረንጦ። «ግን ግቢ፣ እንሞክራለን።»

ከብዕር ቀፎ ቧንቧ እየቆረጡ ሳሉ በሩ ተንኳኳ። ሥራ አስኪያጁ ነው። ጀርባው ጎብጧል፣ ግንባሩ ላይ እብጠት አለ። ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ የምክትሌን ወንበር ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉልኝ። እሱ ዝቅ ካለ እኔም ብወርድ ሰው አያየኝም።»

«ምክትልዎም ትናንት መጥቶ ይህንኑ ስለ እርስዎ ጠይቆኛል» አሉት እትዬ ወረንጦ፣ ዓይናቸውን ከወረንጦው ሳያነሱ። «ሁለታችሁንም አወርዳችኋለሁ። መጀመሪያ ግን የእሷ ቧንቧ ይለቅ። ተራ ይጠብቁ።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ጠጋ ብላ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቦታ ለቀቀችለት። ሥራ አስኪያጁም ተቀመጠ። ሁለቱም እግሮቹ መሬት ነኩ፤ ጫማውን ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ እያንሸራተተ ተራውን ይጠብቅ ጀመር።