አርባ ሦስተኛው ወንበር

ሥጋ ሻጩ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ታይፒስቷ ክንዱን ያዝ አድርጋ አስቆመችው። «እሱ የእርስዎ አይደለም፤ የእርስዎ ያኛው ነው» አለችና ከጥግ ሰፋ ያለ ወንበር ጎትታ አቀረበችለት። ሰውየው ወንበሩን አየው፣ እሷን አየ፣ እንደገና ወንበሩን አየው። ድሮ ወንበሩ ሲሠራለት በር የሚዘጋ ወፍራም ሰው ነበር፤ አሁን ስኳር በሽታ ጨርሶታል። ቀስ ብሎ ተቀመጠና ግራና ቀኙ የተረፈውን ባዶ ቦታ በእጁ ዳሰሰው።

«ሰፋኝ» አለና ማልቀስ ጀመረ።

ሚጢጢ ይህን ሁሉ ከሶፋው ላይ ሆና ታያለች። የሟቹ አናጢ ብቸኛ ልጅ ናት። ዕድሜዋ አርባን ቢያልፍም አባቷ ያወጣላት ስም አልለቀቃትም፤ ቁመቷም ስሙን አላሳፈረውም። ሀዘንተኛ ናትና ከሶፋው ንቅንቅ እንድትል አክስቷ አትፈቅድላትም። ዓይኗን ግን የሚከለክለው የለም፤ ዓይኗ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ታይፒስቷን ይከተላል። ሥጋ ሻጩ አባቷን ጥሎ ሲሄድ ይቺ ሴትዮ ገና መምጣቷ ነበር። የማን ወንበር የቱ እንደሆነ ማን ነገራት?

የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው። ትናንት ሰው ቆሞ ስለዋለ አክስቲቱ ዛሬ በማለዳ ከጓሮው አዳራሽ ወንበሮቹን እንድታስመጣ ታይፒስቷን አዘዘቻት። አዳራሽ ይባል እንጂ ከእንጨት ሥራ ቤቱ ጀርባ ያለ ረጅም ክፍል ነው። አናጢው በሳምንት ስድስት ቀን በርና መስኮት እየሠራ፣ በሰባተኛው እዚያ ክፍል ውስጥ ቃሉን ያስተምር ነበር። ሰፈሩ እሱንም ተከታዮቹንም «ጓሮዎቹ» ይላቸዋል።

ወንበሮቹ ከአንድ እጅ ቢወጡም አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። አንድ ሰው ሦስት ሰንበት ተከታትሎ ከመጣ፣ በአራተኛው አናጢው ሲባጎ ይዞ በር ላይ ይጠብቀዋል። ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ፣ ከወገቡ እስከ ትከሻው ይለካዋል፤ በሲባጎው ላይ ቋጠሮ ይቋጥራል። በሳምንቱ ሰውየው ሲመጣ በልኩ የተሠራ ወንበር ተዘጋጅቶ ያገኛል። እግሩ የተንጠለጠለበት ሰው ጆሮው ቃሉን ትቶ እግሩን ነው የሚሰማው ይል ነበር። እንዲህ እያለ አርባ ሦስት ወንበር ሠራ።

ከዚያ ዋናው መንገድ ላይ ትልቁ አዳራሽ ተሠራ። ድምፅ ማጉያው ገበያው ድረስ የሚሰማ፣ ወንበሩ ሁሉ ከፋብሪካ የወጣ። መጀመሪያ ሥጋ ሻጩ ሄደ፤ መንገዱ ሲከፈት ሌላው ተከተለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአናጢው ጋር ሰባት ሰው ቀረ። እሱም ሰው መሄድ ከጀመረ ወዲህ ነቢያቱን ማንበብ አበዛ፤ ሁሉ ሲጠፋ ስለሚተርፉት ጥቂቶች፣ መጽሐፉ ቅሬታ ስለሚላቸው። ጉልበታቸውን ለጣዖት ስላላንበረከኩት ሰባት ሺህ ያነባል። ስለ ተቆረጠው ዛፍና መሬት ውስጥ ስለቀረው ጉቶ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል፤ እንጨት ያውቃልና።

ሚጢጢ ይህን ትምህርት አንድ ዓመት ሙሉ ሰማች፤ በሰማች ቁጥርም ሆዷ ይሻክር ነበር። ባሏ የትልቁ አዳራሽ መዘምራን መሪ ሆኖ ነበርና ከማን ጋር እንደምትሆን መምረጥ ነበረባት፤ ባሏን መረጠች። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠዋት አባቷ ሳንቃ እየላገ ሳለ ከፊቱ ቆመች። «የቀሩት እናንተ ከሆናችሁ እኛ የሄድነውስ ምንድን ነን? ገለባ ነን?» አለችው። አባቷ መላጊያውን አቆመ። በመላጊያው አፍ የተከማቸውን የእንጨት ፍቅፋቂ እፍ ብሎ አራገፈው፣ እንደገና መላግ ጀመረ። ዝምታ ራሱ መልስ ነው ብላ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ መኖሪያ ቤቱ እየመጣች ትጠይቀዋለች፤ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። አዳራሹን ግን ዳግመኛ አልረገጠችውም። እሱም ነይ አላላት።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥለው የሄዱት አብዛኞቹ ተሰብስበው መጡ። አሥር ዓመት ያልተያየ ሰው ጎን ለጎን ተቀመጠ፤ ታይፒስቷም እያንዳንዱን በገዛ ወንበሩ አስቀመጠችው። ሚጢጢ ወንበሮቹን በዓይኗ ቆጠረቻቸው። አርባ ሁለት ናቸው። ስትደግማቸውም አርባ ሁለት ናቸው። ከሁሉ ዝቅ ያለው፣ የእሷው የለም።

ሰነጠቁት ማለት ነው አለች በልቧ፤ ለማገዶ ሄዷል። ወይም ለአንዷ ሰጥቷታል። ለየቷ እንደሆነ ደግሞ መጠየቅ አላስፈለጋትም። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አባቷ የተናገረውን ሁሉ በጽሕፈት መኪና የገለበጠችው ታይፒስቷ ናት። ሲታመም የደረሰችለት እሷ፣ የመጨረሻ ቃሉን የሰማችው እሷ። ሚጢጢ ቀናች፤ ሌላ ስም የለውም፤ አባት ሞቶባት የሚያቃጥላት ሞቱ ሳይሆን ይቺ ሴት መሆኗን ስታውቅ ደግሞ በራሷ አፈረች፤ አፍራም ቅናቱ አልበረደላትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አክስቷ ለአንዲት ጎረቤት ስታንሾካሹክ ሰማች። እግሩን ያጠበችው ታይፒስቷ ናት፣ ትራሱን ያገላበጠችው ታይፒስቷ ናት፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ወዶ አይደለም። ሥጋ ሻጩም ከወንበሩ ላይ ሆኖ ተቀበለ። «እኛ ሁላችን ስንበተን እሷ ቀረች» አለ። «እግዚአብሔር ቅሬታ አያጣም።»

ሚጢጢ ከሶፋው ተነሣች። አክስቷ ወዴት ነው ስትላት አልመለሰችም። ማድ ቤት ገባች፤ ታይፒስቷ ብርጭቆ እየደረደረች ሻይ ለሚቀዳው ሰው አባባ የሚወዱት ወፍራሙን ነበር እያለች ታወራለች። ሚጢጢ ሰውየው እስኪወጣ ጠበቀች።

«አባባ አትበይው» አለቻት። «የኔ አባት ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።»

ታይፒስቷ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ወንበሬንስ የት አደረስሽው? ያስመጣሽው አርባ ሁለት ነው።»

ትክዳለች ብላ ነበር፤ ለክህደቱም መልስ አዘጋጅታለች። ታይፒስቷ ግን እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ቀና አለች። ከተጠበቀው በላይ ደክማለች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«አዳራሹ ውስጥ ነው። ሆን ብዬ ነው የተውኩት።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

ታይፒስቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሳሎን ያሉት እንዳይሰሙ እየተጠነቀቀች ነገረቻት። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ሰንበት አልቀረችም፤ ትኩሳት ይዟትም መጥታለች። አባባ ስትገባ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉላታል፤ ከዚያ ዓይናቸው ተመልሶ በሩ ላይ ነው። አስተምረው እስኪጨርሱ በሩ ላይ ነው። የሚጢጢ እህት ብትሆን፣ የአባባ ልጅ ብትሆን ብላ ተመኝታለች፤ ጥላቸው ብትሄድ ደግሞ እንዲህ ይጠብቋት እንደሆነ አስባ ታውቃለች።

«የመጣ ሰው አይጠበቅም» አለች። «ነይ፣ ላሳይሽ።»

በጓሮው በር ወጡ። አዳራሹ ባዶውን ከወትሮው ረዝሟል፤ ወለሉ ላይ አርባ ሁለቱ ወንበሮች የቆሙበት ቦታ አቧራ ሳይነካው ረድፍ በረድፍ ይታያል። ወንበሩ ፊት ለፊት ሳይሆን እንደገቡ ከበሩ አጠገብ ነበር። ዝቅ ያለ፣ ጠባብ፣ መቀመጫው ተልጎ ሳይሆን በመቀመጥ ብዛት የለሰለሰ። ሚጢጢ አሥራ አንድ ዓመት ማን እንደተቀመጠበት ለመጠየቅ አፏን ከፈተች፤ ግን ከመጠየቋ በፊት ገባት።

«እሱ?»

«የራሳቸውን ለእንግዳ ለቀው እዚህ ሆነው ነበር የሚያስተምሩት። ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ይደርስ ነበር። እያመማቸው ስናይ የወንበሩን እግር ያስረዝሙት አልናቸው። ‹ከረዘመ ስትመጣ እግሯ መሬት አይነካም› አሉን።»

ታይፒስቷ ሳትጠየቅ ቀጠለች፤ ሁሉንም አራግፋ መገላገል የፈለገች ትመስል ነበር። ያን ቀን ፍቅፋቂውን እፍ ሲሉ መልስ አልነበራቸውም አለች፤ መልሱን ያገኙት ከወር በኋላ ነው፤ እሷው ናት የጻፈችው። የቀሩት ከሄዱት ስለተሻሉ አልቀሩም፤ ሁሉ ከሄደ የሚመለሰው ወዴት ይመለሳል? ጉቶ የሚቀረው ጉቶ ሆኖ እንዲኮራ አይደለም፤ የተቆረጠው እንዲያቆጠቁጥበት ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» አለች ሚጢጢ። ተቆጥታ ነበር፤ በሞተ ሰው መቆጣት እንዴት እንደሚያቃጥል አሁን ገና አወቀችው። «አሥራ አንድ ዓመት ስለ ዝናብ ስናወራ!»

«‹ጥያቄውን ደግማ ብትጠይቀኝ እመልስላት ነበር› ይሉ ነበር። አንቺም ግትር፣ እሳቸውም ግትር።»

ሚጢጢ ተቀመጠች። ተረከዟ ሙሉ በሙሉ መሬቱን ነካ። መቀመጫው በመሀሉ ዝቅ ብሏል፤ የእሷ ያልሆነ፣ የትልቅ ሰው ጎድጓዳ ነበር። እዚያ ውስጥ ሆና አለቀሰች፤ ከሞተ ወዲህ ለእሱ ብቻ ብላ ያለቀሰችው ይህን ጊዜ ነው። ሳሎን ያለው ሰው ድምፅ በጓሮው በኩል ይሰማል፤ አክስቷ የት ሄደች እያለች ትጠይቃለች።

ቀና ስትል ታይፒስቷ አልሄደችም። በሩን ተደግፋ ቆማ ወንበሩን ታያለች፤ የሚጢጢን ፊት ሳይሆን ወንበሩን። እንደዚያ ያለውን አስተያየት ሚጢጢ ታውቀዋለች፤ ከትናንት ጀምሮ ከሶፋው ላይ ሆና ታይፒስቷን ያየቻት በዚያው ዓይን ነው። ይህን ወንበርስ ለማንም አልሰጥም አለች በልቧ፤ የኔ ነው፤ ለኔ ነው ያጠረው። የወንበሩን ጠርዞች በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች።

ከዚያ ግማሽ ጎኗ አየር ላይ እስኪቀር ድረስ ወደ ጠርዙ ጠጋ አለችላት።