ግድግዳው በግራ የሚሆንበት አልጋ

«ለመሆኑ ጆሮሽ እዚህ ምን ቤት ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እግሯን ከመኪናው መርገጫ ላይ ሳታነሳ። «ስምሽን ንገሪያት፣ የምትማሪውን ንገሪያት፣ በቃ! ዓይኗን እንኳ ላላየሻት ልጅ ገበናሽን መዘርገፍ ምን ይሉታል?»

«ጆሮ ገበና ነው እንዴ እማዬ?»

«ካልደበቁትማ አፍም ገበና ይሆናል፤ ያንቺን እያየሁት ነው።»

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ስልኳን እንደያዘች የመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተመቻቸች። ክርክሩ ከቁርስ ጀምሮ አልበረደም። ኮሌጁ የላከው ደብዳቤ የመኝታ ክፍሏን ቁጥርና አብራት የምትኖረውን ልጅ ስልክ ይዟል፤ ከሥሩም «ከመምጣታችሁ በፊት በመልእክት ተዋወቁ» ይላል። ለሌላው ሰው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እሷ ግን ስትጽፍ ስትሰርዝ አራት ቀን ሞላት።

«እስቲ አንብቢውና እኛም እንፍረድ» አሉ ጋሽ ካውያ ከጥግ። እኚህ ሽማግሌ እዚህ ክፍል ውስጥ ልብስ ሲተኩሱ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም ደንበኛው ቀርቶ እሳቸውም የረሱት ይመስላል።

ልጅቱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሰላም። አብሬሽ አንድ ክፍል የተመደብኩት እኔ ነኝ። እናቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ቁልፍ ቢበጠስብሽ፣ ቀሚስ ቢረዝምብሽ አታስቢ። ጠዋት ቶሎ እነሳለሁ፤ ግን ኮሽታ አላሰማም። አንድ ነገር አስቀድመሽ እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ከተወለድኩ ጀምሮ ነው...»

ቀጭ አለ። የልብስ ሰፊዋ መርፌ ተሰብሮ ግማሹ ጨርቁ ውስጥ ቀረ።

«ቀጥዪ» አለች እናት፣ ስብርባሪውን በጥፍሯ እየፈለገች።

«በቀኝ ጎኔ ከተኛሁ ቤቱ ቢፈርስ አልሰማም። ጠርተሽኝ ዝም ብልሽ ዘጋችኝ ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። ካልከበደሽ፣ ግድግዳው በግራዬ የሚሆንበትን አልጋ ተዪልኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ ጋሽ ካውያ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«ተረትዎን እዚያው ከሸሚዙ ጋር ይተኩሱት» አለች ልብስ ሰፊዋ። ወደ ልጇም ዞራ፣ «ቀድማ ታፍርብሻለች። ሳታይሽ፣ ሳትወድሽ፣ ደንቆሮ ደረሰችኝ ብላ ክፍል ታስቀይራለች። መጀመሪያ ትልመድሽ፤ ከዚያ ቀስ ብለሽ ትነግሪያታለሽ።»

«የዘጠነኛ ክፍሏስ ለምዳኝ አልነበር?»

የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ በግራ በኩል የተቀመጠች የዴስክ ጓደኛ ነበረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታንሾካሹክላት፣ እርሳስ ስትለምናት፣ ቀልድ ስትነግራት ቆይታ መልስ ስታጣ «ንግሥቲቱ» የሚል ስም አወጣችላት። ስሙ ክፍሉን ዞሮ የልጅቱ ቀኝ ጆሮ ዘንድ ሲደርስ ጓደኝነቱ አብቅቶለት ነበር። በኋላ ቢነገራትም «ታዲያ መጀመሪያ አትናገርም ነበር?» ብላ ፊቷን አዞረች። ልጅቱ ያን ዓመት የምሳ ሰዓቷን እዚህ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል ነው ያሳለፈችው። አሁን ደግሞ የዴስክ ጉዳይ አይደለም፤ አንድ በር ዘግቶ አራት ዓመት መኖር ነው።

«እሺ፣ ላኪው» አለች ልብስ ሰፊዋ በመጨረሻ። «አንዷን ነገር ብቻ አውጪ።»

«የቷን?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ የምትለውን።»

«ምን አደረገችሽ?»

«በዛ። ረዘመ።»

«ሦስት ቃል እኮ ነው!»

«ልብስም በሦስት ጣት ይበላሻል።»

የጋሽ ካውያ እጅ ሸሚዙ ላይ ቆመ። እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው፤ ጨርቁ ሊያር ሲል ካውያውን አነሱ።

እሳቸው ያውቃሉ። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ስድስቱን የሚዜ ቀሚሶች የተኮሱት እሳቸው ናቸው። ልጅቱ አራት ዓመቷ ነበር፤ ጆሮዋ መግል ይዞ፣ በትኩሳት ነድዳ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ሥር በጨርቅ ክምር ላይ ተኝታለች። ቀሚሶቹ ለቅዳሜ ተቀጥረዋል። ልብስ ሰፊዋ ሞቅ ያለ ዘይት ጠብ አድርጋላት፣ «ሰኞ በጠዋት ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ» ብላ መኪናዋ ላይ አቀረቀረች። ሰኞ ሐኪሙ ልጅቱን አይቶ፣ ቀና ብሎ እናትየውን አያት። «ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለ፤ የቀረውን አልጨረሰውም። ከዚያ ወዲያ ለጠየቀ ሁሉ «ሲፈጥራት እንዲሁ ናት» አለች። ልጅቱም ስታድግ ያንኑ ሰማች። ሰው የራሱን ውሸት በለመደ ጊዜ አይሰማውም፤ ዛሬ ግን በልጇ አንደበት፣ ለባዳ ሊላክ ተጽፎ ሲነበብ መርፌ አሰበረ።

ልጅቱ ትከሻዋን ነቅንቃ ሦስቱን ቃላት አጠፋች፤ ዓይኗን ጨፍና ላከችው። ስልኩንም ትኩስ ድስት የነካች ይመስል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ራቅ አለች።

አዲሱ መርፌ ገብቶ አንድ እጅጌ ተሰፍቶ ሳያልቅ ስልኩ ጮኸ። መልእክት አልነበረም፤ አብራት የምትኖረው ልጅ ራሷ ደወለች።

«ወይኔ! ምን ልበላት?»

«ሃሎ በያት!» አሉ ጋሽ ካውያ።

ልጅቱ ስልኩን ቀኝ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። መጀመሪያ «እሺ... እሺ» ብቻ ትል ነበር። ከዚያ ፊቷ ቀስ በቀስ ተፈታ፤ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች።

«በእንቅልፍሽ? ጮክ ብለሽ? ... እህቶችሽ በትራስ ይመቱሻል? ... እኔማ በቀኜ ተገልብጬ እተኛለኋ፤ እስኪነጋ ብታወሪ ምን ገዶኝ!»

ጋሽ ካውያ ልብስ ሰፊዋን ጠቀሷት። እሷም ፈገግ አለች። ክፍል የምታስቀይር ልጅ እንዲህ አትስቅም፣ አታስቅምም።

«አልጋውን? የእውነትሽን ነው? ... ውይ፣ ተባረኪ!» አለች ልጅቱ። «ጆሮዬ? ... አይ፣ ታምሜ አይደለም። ስወለድም እንዲሁ ነበርኩ አለችኝ እናቴ።»

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ተነሳች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ገበያም ሲሄዱ፣ ገበታም ሲቀርቡ፣ ሁልጊዜ በልጇ ቀኝ ነው የምትሆነው፤ ሳታስበው እግሯ ራሱ ይወስዳታል። አሁን ጠረጴዛውን ዞራ በልጇ ግራ፣ በማይሰማው ጆሮ በኩል፣ ቆመች።

«አልተወለድሽበትም ልጄ» አለች። «ታመሽ ነው። ቀሚሶቹን ልጨርስ ብዬ ነው የዘገየሁት።»

ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። ሁልጊዜ በምትናገርበት ድምፅ ነው የተናገረችው። ጋሽ ካውያ አንገታቸውን ደፍተው የሸሚዙን ኮሌታ፣ ቀድሞ የተተኮሰውን፣ እንደገና መተኮስ ያዙ።

«መስኮቱስ በየት በኩል ነው ያለው?» አለች ልጅቱ በስልኩ፣ በነጭ ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ሁለት አልጋ እየሣለች።

ልብስ ሰፊዋ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ መኪናው ላይ አኖረች። ከልጇ ትከሻ ላይ አንዲት የክር ብጣሽ ለቅማ ያዘች። ሻርፗን ከበሩ ሚስማር ላይ አንሥታ፣ ቃሏን ሳትደግም ወጣች።

«ቆይ ቆይ» ትል ነበር ልጅቱ፣ «በሩ በግርጌ ነው ወይስ በራስጌ?»