ከኪራዩ መጽሐፍ ጀርባ

የራሴን መጽሐፍ ለስድስተኛ ጊዜ ልከራይ ስል ዝናሽ ቀና ብላ አየችኝ። አራዳ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ አጠገብ ያለችው የመጻሕፍት ማከራያ የእሷ ናት።

«ምነው ጋሼ ሙሉሰው፣ አሁንም ይኼንኑ? ሌላ መጽሐፍ ጠፍቶ ነው?»

«ሳነበው የሚያመልጠኝ ነገር አለ» አልኳት።

ውሸቴን ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው የብዕር ስም የእኔ መሆኑን አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳት። የምከራየው ከኋላ ላሉት ሁለት ባዶ ገጾች ስል ነበር። የኪራይ መጽሐፍ አንባቢ አስተያየቱን እዚያ ጽፎ ይመልሳል። ቀጣዩ ከሥር ይመልስለታል፣ ያሾፍበታል፣ ሲብስም ይሰድበዋል። ስሙን የሚጽፍ ግን የለም።

«ተኩሱ አንጀት ያርሳል። ወጥ አሳርሬበታለሁ።»

«ኢንስፔክተሩ ከአራዳ እስከ አዘዞ ወንበዴ ሲያባርር ላብ እንኳ ጠብ አላለውም። ምነው፣ ሚኒባስ የለም እንዴ?»

«አንተ ምን አገባህ? ልብ ወለድ ነው!»

«በአንድ ሽጉጥ ሳያጎርስ አሥራ ዘጠኝ ጥይት ተኮሰ። ቆጥሬዋለሁ።»

«ያ ፈሪ ኮንስታብል አናደደኝ። ጓደኛውን ጥሎ ሲሸሽ ጉልበቱን መመታቱ ሲያንሰው ነው።»

ከዚህኛው ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ፦ «ሲሸሽ የተመታ ሰው ቤቱ ገብቶ ለልጁ ምን ይላታል?»

ይህ የመጨረሻው ደስ አሰኝቶኝ ነበር። አንባቢን እንዲህ ማሳሰብ ከቻልኩማ ደራሲ ነኝ ብዬ አንድ ሳምንት ደረቴን ነፍቼ ሄጃለሁ።

በዚህ በስድስተኛው ኪራይ ግን አዲስ ጽሑፍ አገኘሁ። በእርሳስ ነው፤ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል።

«1ኛ. በዕለቱ ዝናብ አልነበረም፤ ደመና ብቻ ነበር።

2ኛ. ሰዎቹ ሦስት እንጂ ዘጠኝ አልነበሩም። የያዙትም ወርቅ ሳይሆን የሰው በሬ ነበር።

3ኛ. ስለ ሸሸው ፖሊስ፦»

ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ባዶውን ተትቷል።

ያን የእጅ ጽሑፍ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይቼዋለሁ። የዓለምነው ነው።

በ1998 ዓ.ም. ሁለታችንም ኮንስታብል ነበርን። ከዳባት ወረድ ብሎ ካለ አንድ ድልድይ አጠገብ ከብት ሌቦች ተኮሱብን። እኔ መሣሪያዬን ጥዬ ሮጥኩ፤ ቦይ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ። ዓለምነው ሊያወጣኝ ሲመለስ ጉልበቱን ተመታ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «በተኩስ ልውውጥ ቆሰለ» ብዬ አለፍኩት። እሱም ፈረመና ዝም አለ። በሕክምና ቦርድ ተሰናብቶ አገሩ ገባ፣ እኔ ሳጅን ሆንኩ።

ጡረታ ስወጣ ልብ ወለድ ጻፍኩ። በሬውን ወርቅ፣ ራሴን ኢንስፔክተር አደረግሁት። ታሪኩ አንድ ፈሪ ያስፈልገው ነበር። ራሴን ፈሪ ብዬ ልጽፍ እጄ እምቢ ስላለኝ ዓለምነውን አደረግሁት። ስሙን ቀየርኩ፣ ድልድዩን ግን እንዳለ ተውኩት። ዓለምነው ደጋ አገሩ ተቀምጦ የእኔን መጽሐፍ ያነባል ብሎ ማን ያስባል?

«ይህን የጻፈው ማን ነው?» አልኳት ዝናሽን፣ ድምፄን ሰብሰብ አድርጌ።

«በምርኩዝ የሚሄድ ሰውዬ ነው። ለጉልበቱ ሐኪም ቤት መጥቶ። ልጁ ማራኪ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ትማራለች፤ መጀመሪያ የተከራየችው እሷ ናት። ‹ድልድዩ የእኛ አገር ድልድይ ነው፣ ፖሊሱም የተመታው ጉልበቱን ነው› ብላ አባቷን ይዛው መጣች።»

«ምን አላት?»

«ምንም። እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሁለት ቀን አነበበ። ሲመልስልኝ ‹ሸጋ ነው፣ ሩጫ ይበዛበታል› አለኝ።»

«ልጅቱስ?»

«እሷማ ፊቷ ልክ አልነበረም። ይቺ ሰማያዊዋ የእሷ ጽሑፍ ናት።»

መጽሐፉን ይዤ ቤቴ ገባሁ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያነሳሁት ምላጭ ነው። ያን ገጽ ቆርጬ ብጥለው ማን ያውቃል? ምላጩን ገጹ ላይ እንዳሳረፍኩ ዓይኔ ሦስተኛው ተራ ቁጥር ላይ ቀረ። ፖሊስ ጣቢያ የምስክር ቃል ስንቀበል፣ ገና ቃሉን ላልሰጠ ሰው ቁጥሩን ጽፈን መስመሩን ክፍት እንተውለት ነበር። በዚያ መስመር ላይ ከእሱ በቀር ማንም አይጽፍም። ዓለምነው ለልጁ በገዛ አፉ ሊነግራት ይችል ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብሎ፣ ልጁ ፊቷን ስታጠቁርበት እንኳ የእኔን ቃል ጠበቀ። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ አለቀስኩም።

እስክሪብቶ አነሳሁና ጻፍኩ። «3ኛ. ስለ ሸሸው ፖሊስ፦ የሸሸው እኔ ነኝ። ቦይ ውስጥ ተኝቼ ነበር። ኮንስታብል ዓለምነው የተመታው እኔን ሊያወጣ ሲመለስ ነው። የሰጠሁት ቃል እውነት ነው። የመጽሐፉ ደራሲ፣ ሳጅን ሙሉሰው ቢያዝን።» ፈረምኩበት።

በማግስቱ ጠዋት ለዝናሽ መለስኩላት። የተቀደደ ገጽ እንዳለ ለማየት እንደ ልማዷ ከጀርባው ገለጠችው። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ሽፋኑን አየች፣ እኔን አየች። «ጋሼ» አላለችኝም።

«የልጅቱ ስልክ መዝገቤ ላይ አለ» አለች።

«ደውይላት። አባቷንም ይዛ ትምጣ።»

ስልኳን አንስታ ቁጥሩን መምታት ጀመረች። በሩ ክፍት ነበር፤ እግሬም መውጣት አማረው። ዓለምነው ሁለት ቀን የተቀመጠባት በርጩማ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።