አሥራ አምስት ሰከንድ ሲባዛ በአራት

ነርሷ ሱቁ በር ላይ ስትደርስ ቆም ብላ የድሮ ሰዓቷን ከቦርሳዋ አወጣችና ሹራቧ ደረት ላይ ሰካችው። ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰዓቱ ግን አንድም ቀን አልቆመም። ተዘቅዝቆ የሚሰካ፣ አንገት ደፋ ሲያደርጉ የሚነበብ፣ ቀጭን ቀይ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ትርታ ቆጥራበታለች።

«ሰዓት ልንገዛ ሰዓት ይዘሽ መጣሽ?» አለች የወንድሟ ልጅ።

«ሚዛን የሚገዛ ሰው ክብደቱን የሚያውቀውን ዕቃ ይዞ ነው የሚሄደው።»

«እሺ እታለም፤ አፍ የለኝም።»

«እታለም» ይላት የነበረው ወንድሟ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ በዚህ ስም የምትጠራት ልጁ ብቻ ናት።

ወንድሟ አናጢ ነበር። ሰፈሩ «ብረቱ» ይለዋል፤ «እንጨት ሠሪው ብረቱ» እያሉ ይሥቁበታል፣ እሱም አብሮ ይሥቃል። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ልጁን አስከትሎ ከወጣቶች ጋር ይሮጥ ነበር። ከአሥራ አንድ ወር በፊት፣ አንድ ማለዳ፣ በሩጫው መም አራተኛ ዙር ላይ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ጎንበስ አለ። ልጁ «አባዬ ተቀደምክ!» ብላ በአጠገቡ አለፈች። ግማሽ ዙር ሄዳ ዘወር ስትል አልተነሣም።

ከዚያ ወዲያ የሩጫ ጫማዋን አልጋ ሥር ወርውራው ከረመች። አሁን ነው መልሳ ያወጣችው። ሐኪም ልቧን በመሣሪያ አይቶ ሩጪ ብሏታል። እናቷ ግን ሐኪሙንም መሣሪያውንም አላመነችም። «የልብ ምት የሚለካ ሰዓት ካላሰርሽ ከዚህ ቤት በሩጫ አትወጪም፤ ሰዓቱንም አክስትሽ ትምረጥልሽ። የሷ እጅ አይሳሳትም» አለች።

የሷ እጅ አይሳሳትም። ይህችን ቃል ነርሷ ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ሻጩ ጎልማሳ፣ ተጫዋች ሰው ነው። ሦስት ሰዓት መስተዋቱ ላይ ደረደረ። «ይኼ እንቅልፍሽን ይቆጥራል፤ ይኼ እርምጃሽን ይቆጥራል፤ ይኼኛው ደግሞ ስልክሽ ሲጠራ ይነግርሻል። እማማ፣ ለእርስዎም አንድ…»

«እማማ አትበለኝ፤ አንተን የሚያህል ልጅ የለኝም። ልብ የሚቆጥረው የቱ ነው?»

«ሦስቱም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እናያለን።»

ነርሷ የመጀመሪያውን በልጅቷ ግራ እጅ ላይ አሰረች። ከአጥንቱ ጉብታ ሁለት ጣት ከፍ አድርጋ፣ ሳይጠብቅ ሳይላላ። የቀኝ እጇን አንጓ ደግሞ ራሷ ያዘች፤ ሦስት ጣት፣ አውራ ጣት ሳይነካ። አንገቷን ደፍታ ቀዩ ቆጣሪ አናት ላይ እስኪደርስ ጠበቀች። ከዚያ ቆጠረች፤ ሙሉ ደቂቃ።

«ሰማንያ አንድ። ያንተስ ሰዓት?»

«ሰባ አራት ይላል።»

«ሌላ አምጣ።»

ሁለተኛው ሰማንያ ስምንት አለ፤ እሷ ሰማንያ ሁለት። ሦስተኛው ሰማንያ፤ እሷም ሰማንያ። ልጅቷን ስፍራዋ ላይ ሠላሳ ጊዜ ቁጭ ብድግ አሰኘቻትና እንደገና ቆጠረች። ሦስተኛውም ወደኋላ ቀረ።

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ ነው የእርስዎስ ነገር» አለ ሻጩ።

ልጅቷ ሣቀች። «አባዬም እንዲህ ነበር የሚለው ለእንጨቱ። ለራሱ ግን አንዴ መለካት በቅቶት ነበር። ታስታውሻለሽ አይደል እታለም፣ ቁም ሣጥንሽን ሊሠራ የመጣ ጊዜ? ቤት ገብቶ ‹ሰባ ሁለት ነኝ› እያለ ደረቱን ነፋብን። ኋላ ልቤ አንዳንዴ ዘለል ይልብኛል ሲለኝ፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብለው፣ ‹ምን አደርጋለሁ፣ እህቴ ቆጥራልኛለች› አለኝ።»

ነርሷ የልጅቷን አንጓ አልለቀቀችም። ጣቶቿ ሥር ትርታው ይሄዳል። እሷ ግን አትቆጥርም።

ይህን አላወቀችም ነበር። የምታውቀው የራሷን ድርሻ ብቻ ነው። ያን ቀን ወንድሟ የተንጋደደ የቁም ሣጥን በሯን አስተካክሎ ዕቃ መያዣው ሳጥን ላይ ተቀመጠና፣ ሰጋቱራ የለበሰ እጁን ዘረጋላት። «ሰሞኑን ዳገቱ ረዝሞብኛል፤ እስቲ ልብ በዪኝ» አላት እየሣቀ። እሷ ሳህን እያጠበች ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ ያዘችው። አሥራ አምስት ሰከንድ፤ አሥራ ስምንት ምት፤ ሲባዛ በአራት፣ ሰባ ሁለት። «ከኔ ሰዓት ትሻላለህ» ብላው ወደ ሳህኗ ተመለሰች።

አርባ አልጋ ባለበት ክፍል ሁሉም የሚቆጥረው እንደዚያ ነው፤ እጅ የለመደው ነው። ለተማሪዎቿ ግን የምትለው ሌላ ነበር፦ «ሙሉ ደቂቃ! በአሥራ አምስት ሰከንድ ውስጥ ያልዘለለ ልብ በሃያኛው ይዘላል።» ሙሉ ደቂቃ ብትቆጥርም ምናልባት ምንም አታገኝም ነበር። ይህንንም ታውቃለች። ቢሆንም አልቆጠረችም። ይኸንን ለማንም አልተናገረችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ነበር። አሁን ግን እሷ በእርጥብ እጇ እንደዋዛ የጣለችውን ቁጥር ወንድሟ እንደ ሐኪም ወረቀት ኪሱ ይዞት ይዞር እንደነበር ሰማች።

«እትዬ?» አለ ሻጩ።

«ሰዓቱ እንዴት ነው የሚቆጥረው?»

«ከሥሩ አረንጓዴ መብራት አለው። በቆዳ ውስጥ የደሙን መምጣት መሄድ ያያል። ጥቂት ሰከንድ ያይና ለደቂቃው ያሰላዋል።»

«ያባዛል ማለት ነው።»

«ያው… አዎ፣ ያባዛል። ሁሉም ያባዛል፣ እትዬ።»

«የማያባዛ የለህም?»

ሻጩ ጭንቅላቱን አከከና ከመሳቢያ ጥቁር የደረት ቀበቶ አወጣ። «ይኼ ከጡት በታች ይታሰራል። ለሰዓቱ አማካዩን ይልካል እንጂ እያንዳንዷን ምት ለየብቻ ነው የሚይዛት፤ ብትዘል ትመዘገባለች፣ በስልክ ትታያለች። ግን ያሳክካል፣ ሰው አይወደውም።»

«እሱን ከሦስተኛው ሰዓት ጋር ስጠን።»

«እታለም፣ ሊያሳክከኝ?» አለች ልጅቷ።

«እከኪው።»

ከሱቁ ወጥተው አውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ሣጥኑን ከፍታ ቀበቶውን በጣቶቿ ትለጥጠዋለች፤ ደስ ብሏታል። አውቶቡስ መጣ፤ ነርሷ አልተነሣችም። አለፈ።

«አባትሽን ሙሉውን አልቆጠርኩትም» አለች።

«ምኑን?»

«ትርታውን። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሬ በአራት አባዛሁት። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ሰባ ሁለት ያልኩት አባዝቼ ነው።»

ልጅቷ ቀበቶውን መለጠጥ አቆመች። መኪኖች አለፉ። አንድ ሰው ሰዓት ስንት ነው ብሎ ጠየቃቸው፤ ነርሷ ደረቷን ቁልቁል አይታ ነገረችው።

«እሱ እኮ አምኖሽ ነው» አለች ልጅቷ በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ። «ደጋግሜ ሂድ ብዬው ነበር። አምኖሽ ነው እኮ።»

«አዎ።»

«ለምን ነገርሽኝ?»

«እናትሽ የኔ እጅ አይሳሳትም ብላሽ ነበር፤ በዚያ ተማምነሽ እንዳትሮጪ።»

ልጅቷ ሣጥኑን ዘግታ ተነሣች። የሚቀጥለውን አውቶቡስ ብቻዋን ተሳፈረች።

ሦስት ቀን ስልክ አልደወለችም። በአራተኛው ማታ እናትየዋ ደወለችና፣ «ነገ ማለዳ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መሙ ላይ ነኝ በያት አለችኝ። ተጣልታችሁ ነው?» አለች። ነርሷ «አይ» አለች።

በማግሥቱ ሰዓቷን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ መሙ ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ቀድማ ጀምራለች። በአጠገቧ ስታልፍ ፊቷን ሳትመልስ የእጅ ሰዓቷን አየት አድርጋ፣ «መቶ ሠላሳ ስድስት!» ብላ ጮኸች። በሁለተኛው ዙር፣ «መቶ አርባ አራት!» በሦስተኛው፣ «መቶ አርባ ሰባት!» ቁጥር ብቻ። እታለም የለ፣ እንደምን አደርሽ የለ።

በአራተኛው ዙር፣ ልጅቷ አባቷ ጎንበስ ወዳለበት ቦታ ስትቃረብ ነርሷ ሳታውቀው ከአግዳሚው ተነሥታ ቆማ ነበር። ልጅቷ እዚያ ስትደርስ እርምጃዋ ተሰበረ፤ ግን አልቆመችም። አለፈች። መስመሩን ጨርሳ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ከነርሷ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆመች። ፊቷ ላብ ይሁን ሌላ አይለይም።

«የሩጫ አሠልጣኛችን፣ ሩጫ ሲያልቅ አንድ ደቂቃ ቁሚ ብሏል» አለች እያለከለከች። «የልቤ ምት በስንት እንደሚወርድ ለማየት። ደቂቃውን አንቺ ያዢልኝ።»

«ሰዓትሽ ራሱ ይይዘው የለ?»

«አንቺ ያዢው አልኩሽ።»

ነርሷ አንገቷን ደፋች። ቀዩ ቆጣሪ አናት ላይ ሲደርስ፣ «ጀምር» አለች፤ ለማን እንዳለችው አታውቅም። ልጅቷ ቆማለች፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ቆጣሪው አምስትን አለፈ፣ አሥርን አለፈ። አሥራ አምስት ላይ ሲደርስ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደው አፏ ሊከፈት ዳዳው። ከንፈሯን ነከሰች።

«ሞላ?» አለች ልጅቷ።

«አልሞላም። ቁሚ።»

አርባ አምስት ሰከንድ ይቀር ነበር። ለካ ብዙ ጊዜ ነው። ሳህኑ ሁሉ ታጥቦ የሚያልቅበት፣ አንድ ሰው ዕቃ መያዣው ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሌላም ነገር የሚናገርበት ጊዜ ነው።