ኮምፒዩተሩ በእኛ ቀን ሲቆጥር

ናሁሰናይ መተማ ውስጥ ዘፈን የሚቀዳባት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለችው። የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ብሎ ግድግዳዋን በሰሊጥ ጆንያ ስለሸፈነው፣ ገበሬዎች መጋዘን መስሏቸው ኩንታል አራግፈንባት እንሂድ ይሉታል። ለዓመታት ያገለገለው ኮምፒዩተር ሙቀቱና አቧራው አሸንፎት ሲያጣጥር ጊዜ፣ ከድንበር ማዶ ከገላባት አዲስ ላፕቶፕ አመጣ። የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራሙን፣ የማሲንቆና የከበሮ ድምፅ የሚጨምሩለትን ነገሮች፣ የጀመራቸውን ዘፈኖች ሁሉ ገለበጠ። በማግስቱ አሮጌው ጭስ አውጥቶ አረፈ።

በጊዜ ገላገለኝ ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየለትም። አዲሱ ኮምፒዩተር ፕሮግራሙን ሲከፍቱት “ጊዜው አልፏል” የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣና ይዘጋል። ከሥሩ 2010 የሚል ቁጥር አለ፤ እሱን የፕሮግራሙ መለያ መስሎት አለፈው። ያው ፕሮግራም ትናንት ሲሠራ አልነበረም እንዴ? አጠፋ፣ እንደገና ጫነ፣ እንደገና ገለበጠ። መላ ቢያጣ ፕሮግራሙን የሰጠው የጎንደር ጓደኛው ዘንድ ደወለ።

“የሙከራ ነው እኮ፤ እኔ ጋ ከቆመ ቆየ” አለው ጓደኛው። “አንተ ጋ እስካሁን እንዴት ሠራ?”

ናሁሰናይ ስልኩን ሲዘጋ ከበፊቱ የባሰ ዞረበት።

እማማ እታፈራሁ ከሳንጃ የመጡት ይኼኔ ነው። ልጃቸው አምባው ዐምና እዚህች ክፍል ውስጥ አንድ ዘፈን ጀምሮ፣ ከአጨዳ ስመለስ እጨርሰዋለሁ፣ እስከዚያ ለማንም እንዳትሰጥ ብሎ ወደ ኮኪት እርሻ ወረደ። ናሁሰናይም ቃሉን አክብሮ ዘፈኑን ለብቻ አላወጣውም፤ ያለ ፕሮግራሙ እንደማይከፈት ሆኖ እዚያው ውስጥ እንዳለ ተወው። አምባውን እርሻው ላይ ወባ ያዘው፤ አልተመለሰም። እናቱ የልጃቸው ድምፅ መተማ መኖሩን የሰሙት ገና በቅርቡ ነው። ፎቶግራፉ አላቸው፤ ድምፁ የላቸውም።

ናሁሰናይ ዕቃውን ወደ አዲስ ቤት እንዳዛወረና በሩ አልከፈት እንዳለው እየተንተባተበ አስረዳቸው። ቤት ሲቀየር ዕቃ መጥፋቱ ያለ ነው፣ ፈልገው፣ እኔ እጠብቃለሁ አሉትና ተቀመጡ። አለመቆጣታቸው ይበልጥ አሳፈረው። የሚያደርገው ቢጠፋው ባዶ ሲዲ አነሣና “አምባው፣ ኅዳር 2005” ብሎ ጻፈበት።

ቀና ሲል የላፕቶፑ ጥግ ላይ ያለው ቀን 2012 ይላል።

ያኔ ትዝ አለው። አሮጌውን ኮምፒዩተር የገዛ ሰሞን፣ ሰባት ዓመት ቀድሞት ሲቆጥር ቢያገኘው፣ መተማ ተቀምጠህ በፈረንጅ ቀንማ አትቆጥርብኝም ብሎ በገዛ እጁ ወደ እኛ ዘመን መልሶት ነበር። ፕሮግራሙ የሚያበቃው በፈረንጅ 2010 ነው፤ ያ ኮምፒዩተር ደግሞ በእኛ እየቆጠረ 2010 ሳይደርስ ሞተ።

የላፕቶፑን ቀን ወደ 2005 መለሰና ፕሮግራሙን ከፈተው። አምባው ጉሮሮውን ጠረገ፤ “ናሁ፣ ከመጀመሪያው እንያዘው” አለና ዘፈነ።

እማማ እታፈራሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙ። መጨረሻም አልነበረውም፤ መሀል ላይ ተቆረጠ።

“ምን አድርገህ አመጣኸው?”

“ቀኑን ወደ ኋላ መለስኩት፣ እማማ።”

“ምን ያህል?”

“ሰባት ዓመት።”

“የዛሬ ሰባት ዓመት እኮ ቤት ነበር” አሉ ቀስ ብለው። “ከእኔው ጋር ነበር። በል እዚያው ተወው ልጄ፤ እንዳትነካብኝ።”

የለም እማማ፣ አሁን የሚቆጥረው የዛሬን ቀን ነው፣ የእኛኑ ዛሬ ነው ሊላቸው አፉን ከፈተ። ግን ከየት ብሎ ይጀምር? ሲዲውን ቀድቶ ሰጣቸው፤ ቀኑንም አልነካው።