ሆዷ የደረቀ ውርንጭላ

በ1960 ዓ.ም. ዘርፈሽ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ከቆጠረች ዓመት አልሞላትም ነበር። ቢሆንም ሀብተ ማርያም የተባለው ወጣት የአራዊት አጥኚ፣ ከዚራ በሚባለው የባቡር ጣቢያ ሰፈር ባለው ግቢው ለሚያሳድጋት የዱር አህያ ውርንጭላ ጠባቂ ሲፈልግ፣ ልብስ የምታጥብለትን ዘርፈሽን መረጠ። ደብተርና እርሳስ ሰጣት።

«እናቷን አይሻ ሜዳ ላይ አዳኞች ገድለዋታል። የዱር አህዮች ዘር እየጠፋ ነው፤ ጠባያቸውን ግን ገና አናውቅም። ያዩትን ብቻ ይጻፉልኝ፣ እትዬ ዘርፈሽ። ከፍየል ወተት በቀር ምንም እንዳይሰጧት» ብሏት ለአምስት ቀን ወደ አይሻ ተመለሰ።

ዘርፈሽ ጻፈች። «ጠዋት ጠባች። የባቡር ጡሩምባ ስትሰማ ጆሮዋን አቆመች። ጥላዬን ተከትላ ዞረች።» በየመስመሩ ላብ ያጠምቃታል፤ አንድ ፊደል ብትገድፍ የአህዮቹ ዘር በእሷ እጅ የሚያልቅ ይመስላታል።

በአራተኛው ቀን የውርንጭላዋ ሆድ ተነፋ፤ ጡጦውን ገፋች።

ወተት የምታመጣው ዐስሊ አጥሩን ተደግፋ ሳቀች። «አቦ ዘርፌ! አህያ ታማ ሰው ከሳ!»

«አፍሽን ያዢው! ሆዷ ደርቆ ነው። ልጅ ሆዱ ሲደርቅ ምን ይደረጋል?»

«እኔ ምን አውቄ የናንተን አገር ሥርዓት?»

ዘርፈሽ ግን ታውቃለች። ልጆቿን ሁሉ ገና በአራስነታቸው ለጋ ቅቤ አስውጣለች። ቅቤውን አቀለጠች፤ የውርንጭላዋን አንገት ቀና አድርጋ አንቆረቆረችላት። ውርንጭላዋ ሳለች፤ ደጋግማ ሳለች። በማግስቱ ትንፋሿ እያፏጨ ዘርፈሽ ጭን ላይ ሞተች።

ሀብተ ማርያም በዚያው ምሽት ተመልሶ በድኑን ከፍቶ መረመረ። «ሳንባዋ ውስጥ ቅባት አለ» አለ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ሆዷን ላለስልስላት ብዬ ቅቤ አጠጣኋት።»

ደብተሩን አቀበላትና «ይጻፉት» አላት። «ነገ ሌላዋን የሚያሳድግ ሰው እንዳይሳሳት።»

«ቅቤ ሳንባ ይገባል?»

«ትን ካላት ይገባል።»

«የሰው ልጅም?»

ቀና ብሎ አያት። «የሰውም» አለ ቀስ ብሎ።

የመጀመሪያ ልጇ ማዘንጊያ በአሥራ አንደኛ ቀኗ እንዲሁ ስላ ስላ ነበር የሄደችው። ጎረቤቱ ሁሉ «ቡዳ በልቷት ነው» አለ፤ ዘርፈሽም ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ቡዳ ስትረግም ኖረች።

ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ፊደሉን አንድ በአንድ በአፏ እየጠራች ጻፈች፦ «ቅቤ ሰጠኋት። ሳለች። ሞተች።»

ሀብተ ማርያም ከትከሻዋ በላይ አነበበ። «ቀኑን ረስተዋል፣ እትዬ ዘርፈሽ።»

«አልረሳሁም፤ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነበር» አለች፤ አንገቷን ደፍታም አለቀሰች።